የወላጅ ስም ወይስ የልጅ ውጤት? የውርስና የለጋሾች ቅበላ፦ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ዶሃ የትምህርት ከተማ

“ዘር ከልጓም ይስባል” የሚለው የአማርኛ ተረት የሚነገረው ስለ ሰው ጠባይ ነው። ስመ ጥር በሆኑ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን የተረቱ ሐሳብ አንድ ምዕተ ዓመት ለሚሆን ጊዜ እንደ ቅበላ ደንብ ሲሠራበት ቆይቷል። አባቱ ወይም እናቱ በተቋሙ የተማሩ አመልካች፣ ቤተሰቡም ለተቋሙ ገንዘብ የለገሰ አመልካች፣ ተመሳሳይ ውጤት ካላቸው ሌሎች ወጣቶች ይልቅ በሩ ሰፍቶ ይጠብቀዋል።

ይህ አሠራር ፍትሐዊ ነውን? የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የአሜሪካውያን የቤት ውስጥ ክርክር ሆኖ ቢቆይም ዛሬ በኳታር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ሩቅ አይደለም። ከዶሃ መሐል ከተማ በስተምዕራብ፣ በአል ራያን በሚገኘው የትምህርት ከተማ ውስጥ የስድስት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርንጫፎች ይገኛሉ። ከስድስቱ መካከል ሦስቱ የውርስ ቅበላን በሕግ ወይም በራሳቸው ውሳኔ የተዉ ሲሆኑ፣ ሦስቱ በእናት ካምፓሶቻቸው የወላጅን የቀድሞ ተማሪነት ከሚያጤኑት ወገን ሆነው ቆይተዋል። ይህ ጽሑፍ አሠራሩ ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደሚመዝን፣ በዶሃ ምን መልክ እንዳለውና ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ምን ትርጉም እንደሚሰጥ ያብራራል።

የውርስ ቅበላ ምንድን ነው?

የውርስ ቅበላ ማለት አንድ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ምሩቃን ልጆች፣ አንዳንዴም የልጅ ልጆችና ወንድም እኅቶች፣ ከሌሎች አመልካቾች አስቀድሞ ወይም አስበልጦ የሚያይበት አሠራር ነው። የወላጅ ምሩቅነት ብቻውን መቀመጫ አያስገኝም። ሆኖም ሁለት አመልካቾች በትምህርት ውጤት ሲመሳሰሉ ሚዛኑን ወደ አንዱ ያዘነብለዋል።

የለጋሾች ቅበላ ከዚህ ይለያል። እዚህ ላይ የሚታየው የወላጁ ዲፕሎማ ሳይሆን ለተቋሙ የሰጠው ወይም ይሰጣል ተብሎ የሚጠበቀው ገንዘብ ነው። የውርስ ቅበላ አብዛኛውን ጊዜ በማመልከቻ ቅጽ ላይ በግልጽ በሚቀርብ ጥያቄ የሚታወቅ ሲሆን፣ የለጋሾች ቅበላ ግን በልማትና በቅበላ ቢሮዎች መካከል በሚተላለፉ የስም ዝርዝሮች አማካይነት በጓዳ የሚፈጸም ነው። ሁለቱ በአንድ ቤተሰብ ላይ ሲገናኙ ማየትም የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለተቋሙ የሚለግሰው እዚያው የተማረው ሰው ነውና።

ሁለቱም ከጉቦ ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 የአሜሪካ ዓቃቤ ሕግ ሃምሳ ሰዎችን የከሰሰበት ታላቅ የቅበላ ማጭበርበር ጉዳይ ይህንኑ ልዩነት አጉልቶ አሳይቷል። የወንጀሉ አቀናባሪ ዊልያም ሲንገር ለደንበኞቹ የሚያስረዳው በሦስት በሮች ምሳሌ ነበር። የፊት በር በራስ ውጤት መግባት ነው። የኋላ በር ለተቋሙ ብዙ ገንዘብ ለግሶ መግባት ነው። እርሱ የከፈተው የጎን በር ደግሞ ለአሠልጣኞች ጉቦ እየሰጡ ስፖርተኛ ያልሆነን ልጅ ስፖርተኛ አስመስሎ ማስገባት ነበር። ሕጉ የቀጣው የጎን በሩን ብቻ ነው። ሲንገር በ2023 የሦስት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት። የኋላ በሩ ግን በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ሕጋዊ እንደሆነ ቀጥሏል።

አመጣጡ

የውርስ ቅበላ ሥር የሚገኘው በ1920ዎቹ ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ እንደ ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ያሉ ተቋማት አመልካቾችን የሚለዩት በዋናነት በመግቢያ ፈተና ነበር። ከምሥራቅ አውሮፓ የፈለሱ አይሁዳውያን ቤተሰቦች ልጆች ፈተናውን በብዛት እያለፉ መግባት ሲጀምሩ የተቋማቱ መሪዎች ሰጉ። የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቦት ሎረንስ ሎዌል በ1922 የአይሁድ ተማሪዎችን ቁጥር በኮታ ለመገደብ ሐሳብ አቀረቡ። ግልጽ ኮታው ተቃውሞ ስለገጠመው በምትኩ “ጠባይ”፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ የትውልድ ስፍራና የወላጅ ምሩቅነት በመመዘኛነት ገቡ። እንዲህ ያለው መመዘኛ ማንንም በስም ሳያገልል ማንን እንደሚያስቀር አስቀድሞ ይታወቅ ነበር።

አሠራሩ በኋለኞቹ አሥርት ዓመታት ዓላማውን ቀይሮ ቀጥሏል። የአይሁዳውያን መገለል ሲቀር የውርስ ቅበላ የገንዘብ ማሰባሰቢያና የቤተሰባዊ ታማኝነት መጠበቂያ ተብሎ ተተረጎመ። የብሪታንያዎቹ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ፣ እንዲሁም ከአሜሪካ የማሳቹሴትስና የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋማት ግን የወላጅን ምሩቅነት ሳይመለከቱ በዓለም ቀዳሚ ደረጃ ላይ ይገኛሉ።

ቁጥሮቹ ምን ይናገራሉ?

የቅበላ ሚስጥር ለሕዝብ የተገለጠው በአብዛኛው በፍርድ ቤት ክርክር ነው። በሃርቫርድ ላይ የተመሠረተው ክስ ሲታይ ዩኒቨርሲቲው የአመልካቾቹን መረጃ ለማቅረብ ተገደደ። መረጃውን የመረመሩት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ፒተር አርሲዲያኮኖና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ ምንም ልዩ ግንኙነት የሌላቸው አመልካቾች የመግባት ዕድል 6 በመቶ እንኳ ሳይሞላ፣ ከምሩቃን ልጆች መካከል ግን ሲሶ ያህሉ ተቀባይነት አግኝተዋል። ከለጋሽ ቤተሰቦች ጋር የተያያዙ ስሞች በሚሰፍሩበት “የዲኑ ዝርዝር” ላይ የነበሩት ደግሞ 42 በመቶ ያህል ገብተዋል። ተቀባይነት ካገኙት ነጭ ተማሪዎች ውስጥ ከ43 በመቶ በላይ የሚሆኑት የተመለመሉ ስፖርተኞች፣ የምሩቃን ልጆች፣ በዲኑ ዝርዝር የሰፈሩ ወይም የመምህራንና የሠራተኞች ልጆች ነበሩ።

በሐምሌ 2023 የሃርቫርዱ ራጅ ቼቲ፣ ዴቪድ ዴሚንግና ጆን ፍሪድማን ያወጡት ጥናት ጉዳዩን ሰፋ አድርጎ ተመልክቷል። አሥራ ሁለት ታላላቅ የግል ዩኒቨርሲቲዎችን ያካተተው ይህ ጥናት፣ ከ1 በመቶዎቹ ባለጠጎች የተወለደ ልጅ ተመሳሳይ የፈተና ውጤት ካለው የመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ ይልቅ በእነዚህ ተቋማት የመማር ዕድሉ ከእጥፍ በላይ መሆኑን አረጋግጧል። ለዚህ ልዩነት ዋነኛ ምክንያት ሆኖ የተገኘውም የቅበላ አሠራሩ ነው፤ ከቅበላ በመጣው ልዩነት ውስጥ ግማሽ ለመድረስ ጥቂት የቀረው ድርሻ የውርስ ቅበላ ነበር። ጥናቱ ከዚህ በተጨማሪ በውርስ የሚሰጠው ብልጫ ኋላ በሥራ ዓለም ከሚታይ የተሻለ ውጤት ጋር እንደማይገናኝ ገልጿል።

ሁለቱ ወገኖች

የአሠራሩ ደጋፊዎች ሦስት ምክንያቶችን ያቀርባሉ። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ቤተሰብ በትውልድ ሐረግ ከተቋሙ ጋር ሲተሳሰር ልግስናው ይቀጥላል፤ በዚያ ገንዘብም የድሃ ልጅ ነፃ የትምህርት ዕድል ያገኛል ይላሉ። ሁለተኛው ዋስትና ነው። የምሩቅ ልጅ ተቀባይነት ካገኘ የመምጣቱ ዕድል ከፍ ያለ በመሆኑ ተቋሙ መቀመጫዎቹን በእርግጠኝነት ያቅዳል። ሦስተኛው ማኅበራዊ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ከፈተና ማዕከልነት ያለፈ ማኅበረሰብ ስለሆነ የትውልድ ሰንሰለት ያስፈልገዋል የሚል ነው።

ለእነዚህ ምክንያቶች በከፊል ማስረጃ አለ። ኤሚሊዮ ካስቲያና ኢታን ፖስካንዘር በ2022 ባሳተሙት ጥናት፣ የምሩቃን ልጆች ተቀባይነት ሲያገኙ በብዛት እንደሚመዘገቡና ወላጆቻቸውም የተሻሉ ለጋሾች እንደሆኑ አሳይተዋል። ነገር ግን እነዚሁ አመልካቾች ከሌሎቹ በትምህርት የላቁ ሆነው አልተገኙም።

ተቃዋሚዎች በበኩላቸው በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ይጠቅሳሉ። ቻድ ኮፍማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2008 ባለው ጊዜ የመቶ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችን የልግስና መረጃ መርምረው፣ የምሩቃን ሀብት መጠን ከግምት ሲገባ የውርስ ቅበላ ራሱ ልግስናን እንደሚያሳድግ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ሀብታም ምሩቃን ያሉት ተቋም፣ ልጆቻቸውን ቢያስቀድምም ባያስቀድምም፣ ገንዘብ ያገኛል ማለት ነው።

ለዚህ ክርክር ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው ምሳሌ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተቋሙ የውርስ ቅበላን እ.ኤ.አ. በ2014 አቁሞ ውሳኔውን በ2020 ይፋ አደረገ። በ2009 ከአዲስ ገቢ ተማሪዎች 12.5 በመቶ የነበሩት የምሩቃን ልጆች በ2019 ወደ 3.5 በመቶ ወረዱ። በዚያው ጊዜ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የሚሰጠውን የፌዴራል ድጎማ ማግኘት የሚችሉ ተማሪዎች ከ9 በመቶ ወደ 19.1 በመቶ አደጉ። በመካከሉም የተቋሙ ምሩቅ ማይክል ብሉምበርግ በ2018 የ1.8 ቢሊዮን ዶላር ስጦታ አበረከቱ። ስጦታው የዋለው አመልካቾች የመክፈል አቅማቸው ሳይታይ እንዲገቡ ለማስቻል ነው። የውርስ ቅበላ ከቀረ የለጋሽ እጅ ይታጠፋል የሚለው ስጋት በዚህ ተቋም እውን አልሆነም።

ሕጉ ወዴት እየሄደ ነው?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 29 ቀን 2023 ዘርን ያገናዘበ ቅበላን ካገደ በኋላ የውርስ ቅበላ ጉዳይ በአዲስ ኃይል ተነሣ። ለተገፉ ወገኖች የሚደረገው ድጋፍ እንዲቀር ሲወሰን፣ ለታደሉት የሚደረገው ድጋፍ ለምን ይቀጥላል የሚል ጥያቄ ከግራም ከቀኝም ተሰማ።

ኮሎራዶ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿን ቀደም ብላ በ2021 ከልክላ ነበር። በ2024 ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ኢሊኖይና ካሊፎርኒያ ተከተሉ። የቨርጂኒያና የኢሊኖይ ሕጎች የመንግሥት ተቋማትን የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ የሜሪላንድና የካሊፎርኒያ ሕጎች የግል ተቋማትንም ይነካሉ። የካሊፎርኒያው ሕግ ከመስከረም 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ይሁንና ሕጎቹ የየግዛታቸው ናቸው፤ በፌዴራል ደረጃ የወጣ አጠቃላይ ክልከላ የለም።

ስድስቱ የዶሃ ካምፓሶች

የኳታር ፋውንዴሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1995 በሼኽ ሐማድ ቢን ኸሊፋ አል ሣኒና በሼይኻ ሞዛ ቢንት ናስር ነው። ፋውንዴሽኑ የመጀመሪያውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝን፣ በ1998 አስመጣ። ከዚያም ዌይል ኮርኔል ሕክምና በ2001፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2003፣ ካርኔጊ ሜሎን በ2004፣ ጆርጅታውን በ2005፣ ኖርዝዌስተርን በ2008 ተከተሉ። ተቋማቱ በየፊናቸው በዶሃ የሚሰጡት ዲግሪ ከእናት ካምፓሱ ጋር አንድ መሆኑንና የቅበላ መመዘኛቸውም እንደዚያው መሆኑን ይገልጻሉ። የእናት ካምፓሶቹ ደንብ ለዶሃ አመልካች ትርጉም የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ታሪክ ከሁሉም ቀዳሚ ነው። ዩኒቨርሲቲው በዶሃ ሥራ በጀመረ በዓመቱ፣ በጥር 2004፣ የውርስ ቅበላን ሰረዘ። እስከዚያ ድረስ የምሩቃን ልጆች ከመቶ ነጥብ እስከ አራት ነጥብ ይጨመርላቸው ነበር። በ2003 በዚህ ጭማሪ ብቻ ከገቡት መካከል ነጮቹ ከ300 በላይ ሲሆኑ፣ ሂስፓኒኮች 27፣ ጥቁሮች ደግሞ 6 ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ዘርን በመመዘኛነት አላይም ብሎ ስለነበር ሁለቱን አቋሞች ማስታረቅ አልተቻለውም። የዚህ ካምፓስ ዘመን በዶሃ እየተገባደደ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ በየካቲት 2024 ቅርንጫፉ እስከ 2028 ድረስ እንዲዘጋ ወስኗል።

ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የግዛቲቱ ሕግ ይገዛዋል። ሕጉ የምሩቃንን ልጆች ማስቀደም ብቻ ሳይሆን ከለጋሽ ጋር ያለን ዝምድናም በግልጽ ይከለክላል። ካርኔጊ ሜሎንም የወላጅን ምሩቅነት ከመመዘኛዎቹ ማውጣቱ በ2023 ይፋ ሆኗል።

በሌላው ወገን ኮርኔል፣ ጆርጅታውንና ኖርዝዌስተርን የወላጅን ምሩቅነት ከሚያጤኑት ተቋማት መካከል ሲቆጠሩ ቆይተዋል። ኖርዝዌስተርን የሚገኝበት የኢሊኖይ ሕግ የግል ዩኒቨርሲቲዎችን ስለማይመለከት አላስገደደውም። ሦስቱም በጥር 2022 በተመሠረተ አንድ ክስ ውስጥ ተካተዋል። ከሳሾቹ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍን በጋራ ቀመር እየወሰኑ፣ በአንጻሩ የለጋሽ ቤተሰቦችን ልጆች በሀብታቸው እያስቀደሙ ሕግ ጥሰዋል ይላሉ። ኖርዝዌስተርን ጥፋት ሳያምን 43.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ጆርጅታውን ለክርክሩ ያልተጠበቀ ምዕራፍ ጨምሯል። ዩኒቨርሲቲውን ያስተዳድሩ የነበሩት የሜሪላንድ ኢየሱሳውያን በ1838 ሁለት መቶ ሰባ ሁለት ባሪያዎችን ሸጠው ከገንዘቡ የተወሰነውን ለተቋሙ ዕዳ መክፈያ አውለውት ነበር። በመስከረም 2016 ዩኒቨርሲቲው የእነዚያን ባሪያዎች ዘሮች በቅበላ ጊዜ እንደ ምሩቃን ልጆች እንደሚመለከታቸው አስታወቀ። አንዳንዶች ይህን እንደ ካሣ አወደሱት። ሌሎች ደግሞ የተዛባውን ሚዛን ከማስተካከል ይልቅ ለተበደሉትም ከዚያው ሚዛን ድርሻ መስጠት ነው ሲሉ ተቹት። የሁለቱም ወገን አስተያየት በአንድ ነጥብ ይገናኛል፦ የዘር ሐረግ መቁጠር ከተፈቀደ፣ የማን ሐረግ ይቆጠር የሚለው ጥያቄ ማብቂያ የለውም።

የዶሃ ልዩ ገጽታ

በዶሃ የውርስ ቅበላ እስካሁን ትልቅ አጀንዳ ያልሆነበት ቀላል ምክንያት አለ። ካምፓሶቹ ወጣቶች ናቸው። ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ በ1998 የተቀበላቸው ሴት ተማሪዎች ከአራት ዓመት በኋላ ሲመረቁ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። ዌይል ኮርኔል የመጀመሪያዎቹን ሐኪሞች ያስመረቀው በ2008 ነው። እነዚህ ምሩቃን ዛሬ በዐርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ወይም በዚያ አካባቢ ይገኛሉ፤ የበኩር ልጆቻቸውም ወደ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ እየቀረቡ ነው። የመጀመሪያው የዶሃ “ወራሽ” ትውልድ የማመልከቻ ቅጽ የሚሞላበት ጊዜ ደርሷል ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ቅጹ ስለ ወላጅ ይጠይቅ ወይስ አይጠይቅ የሚለው ውሳኔ በከተማዋ ለሚኖሩ፣ ወላጆቻቸው ግን በነዚህ ተቋማት ላልተማሩ ልጆች ሁሉ ትርጉም ይኖረዋል።

የለጋሽነቱም መልክ እዚህ ይለያል። በአሜሪካ ለጋሽ ሲባል አንድ ባለጠጋ ቤተሰብ ነው። በትምህርት ከተማ ግን የካምፓሶቹን ወጪ የሚሸፍነው የኳታር ፋውንዴሽን ነው። የዌይል ኮርኔል ስምምነት ሲፈረም ፋውንዴሽኑ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ 750 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል መግባቱ በሰፊው ተዘግቧል። ስጦታው ከተቋም ለተቋም የሚተላለፍ በመሆኑ አንድ አባት ሕንፃ አሠርቶ ልጁን የሚያስገባበትን መንገድ ያጠባል። በምትኩ የሚነሣው ጥያቄ የሕዝብ ሀብት የከፈተው በር ለማን ይከፈት የሚል ነው፤ ለዜጋው፣ በአገሪቱ ተወልዶ ላደገው የስደተኛ ልጅ ወይስ ከውጭ ለሚመጣው ጎበዝ? ፋውንዴሽኑ የተማሪውን አቅም መሠረት ያደረገ የገንዘብ ድጋፍ ማቅረቡ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

ወቅፍና ዋስጣ

የአረቡ ዓለም ለዚህ ክርክር የራሱ ቃላት አሉት። አንዱ “ወቅፍ” ነው። ንብረትን ለዘለቄታው ለበጎ ሥራ ማዋል የሆነው ይህ ሥርዓት ለዘመናት መድረሳዎችን፣ ቤተ መጻሕፍትንና የተማሪዎችን ቀለብ ሲደጉም ኖሯል። የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ወቅፍን በሁለት ይከፍሉታል፤ ለሕዝብ ጥቅም የሚውለው “ኸይሪ”፣ ለሰጪው ዘሮች የሚውለው ደግሞ “አህሊ” ወይም “ዙርሪ” ይባላል። ሁለቱ በስም የተለያዩት ሰጪው ለራሱ ቤት ያስቀረውን ለሕዝብ ከሰጠው ለመለየት ነው። በአሜሪካ የለጋሾች ቅበላ ላይ የሚሰነዘረው ዋና ትችትም፣ ለሕዝብ ተብሎ ከግብር ነፃ የሆነ ስጦታ ውስጥ የቤተሰብ ድርሻ ተደብቆ መገኘቱ ነው።

ሁለተኛው ቃል “ዋስጣ” ነው። መካከል ከሚለው ሥር የወጣው ይህ ቃል በሁለት ወገኖች መካከል ገብቶ ጉዳይ የሚያስፈጽምን ሰው ያመለክታል። ድሮ ለዕርቅና ለምልጃ ይውል የነበረው ቃል ዛሬ በሥራና በትምህርት ቅበላ “በዘመድ” መግባትን ይገልጻል። አማርኛ ተናጋሪው “ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ” ብሎ የሚተርትበት ጉዳይ ነው።

ኢትዮጵያንና የአረቡን ዓለም የሚያገናኝ አንድ ታሪካዊ ምሳሌም አለ። በካይሮው አል አዝሃር ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ለሚመጡ ሙስሊም ተማሪዎች “የጀበርት ሪዋቅ” የሚባል ማደሪያና የትምህርት ክፍል ነበር። ታዋቂው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ አብዱረሕማን አል ጀበርቲ የወጡት ከዚሁ ሪዋቅ አለቆች ቤተሰብ ነው። ከቀደምት አያቶቻቸው አንዱ ከጀበርት ምድር መጥተው የሪዋቁ አለቃ ከሆኑ በኋላ አለቅነቱ በቤተሰቡ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ሪዋቁ ከሩቅ አገር ለሚመጣ፣ በካይሮ ዘመድ ለሌለው ተማሪ መጠጊያ ሆኖ አገልግሏል፤ የአስተዳደሩ ወንበር ግን በዘር ይወረስ ነበር። አንድ ተቋም ለእንግዳው ክፍት፣ ለአለቅነቱ ግን ዝግ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የኢትዮጵያ መንገድ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ሲጀመር በሩ የተከፈተው በዘር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 በግብጻውያን መምህራን ሥራውን የጀመረው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ተማሪዎች በአብዛኛው የመኳንንትና የሹማምንት ልጆች ነበሩ። በአንጻሩ የቤተ ክርስቲያኑ የቆሎ ተማሪ፣ ዳዊቱንና ለምዱን ይዞ ከአገሩ ርቆ፣ ቀለቡን እየለመነ ይማር ነበር። መምህሩ የሚጠይቀውም የአባቱን ማዕረግ ሳይሆን ያጠናውን ነው።

ከ1950ው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ምሥረታ ወዲህ እየሰፋ በመጣው ከፍተኛ ትምህርት የቅበላው ማዕከል አገር አቀፍ ፈተና ሆነ። የወላጅ ምሩቅነት በምደባ ቀመር ውስጥ ቦታ የለውም። ልዩ ድጋፍ የሚደረገው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ለሴቶች፣ ለታዳጊ ክልሎችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች እንዲሁም ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ያለ የመቁረጫ ነጥብ ሲወሰን ቆይቷል። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነዋል። በሩ በዚህ መጠን በጠበበበት አገር አንድ መቀመጫ በዝምድና ወይም በገንዘብ ቢሰጥ የሚያስከትለው ቅሬታ ምን ያህል እንደሚሆን ለመገመት አያዳግትም።

ይሁን እንጂ ፈተና ብቻውን ፍትሕን ያረጋግጣል ማለት አይደለም። ላቦራቶሪና ቤተ መጻሕፍት ባለው የከተማ ትምህርት ቤት የተማረና መምህር በጎደለበት የገጠር ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ለአንድ ወረቀት እኩል ተዘጋጅተው አይቀርቡም። የውርስ ቅበላ ቢቀርም ወላጅ ለልጁ የሚያወርሰው ሌላ ብዙ ነገር ይቀራል።

ጉዳዩን ለኢትዮጵያ ወቅታዊ የሚያደርገው ሌላ ለውጥም አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት፣ ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን መቀበልና ገቢ ማፈላለግ ጀምሯል። ሌሎች ነባር ዩኒቨርሲቲዎችም በዚሁ መንገድ እንዲከተሉ ታቅዷል። ራስ ገዝ ተቋም በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ የሚኖሩ ምሩቃኑን መለመኑ አይቀርም። በዶሃ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪ ለትምህርት ቤቱ ሲለግስ የሚያገኘው ምስጋና ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ከወዲሁ በደንብ ቢጻፍ፣ አሜሪካውያን ዛሬ በሕግ ሊነቅሉት የሚታገሉት ልማድ ሥር ሳይሰድ ይቀራል።

አመልካች ቤተሰቦች ምን ይጠይቁ?

በዶሃም ሆነ በሌላ ስፍራ ለታላቅ ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክት ቤተሰብ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ቢያጣራ ይጠቀማል። የመጀመሪያው ተቋሙ የወላጅን ምሩቅነት ያጤን እንደሆነ ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ በሚያወጡት የጋራ መረጃ ሠንጠረዥ ላይ እያንዳንዱ መመዘኛ “እጅግ አስፈላጊ”፣ “አስፈላጊ”፣ “የሚታይ” ወይም “የማይታይ” ተብሎ ይመዘገባል፤ ሠንጠረዡም ለማንም ክፍት ነው። ሁለተኛው ተቋሙ ቅበላን የሚወስነው የአመልካቹን የመክፈል አቅም አይቶ ነው ወይስ ሳያይ የሚለው ነው። ሦስተኛው የገንዘብ ድጋፍ ለውጭ አገር ዜጎችም ይሰጥ እንደሆነና ድጋፉ ብድር ይሁን ስጦታ ነው።

የምሩቅ ልጅ ያልሆነ አመልካች ወላጁን መለወጥ አይችልም፤ የሚያመለክትበትን ተቋም ግን መምረጥ ይችላል። በትምህርት ከተማ በአጭር ርቀት ውስጥ የወላጅን ስም የሚመለከቱና የማይመለከቱ ተቋማት ጎን ለጎን ቆመዋል። ልዩነታቸውን ማወቅ ቢያንስ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ሊደረግ የሚገባ ዝግጅት ነው።